«ፓን» ሳይባል ቁልፍ አይሰጥም

እኔ ካጠበቅኩት ጎማ አንድም ወልቆ አያውቅም። ይህን የምለው በቶሮንቶ ከተማ ካሉት መኪኖች ግማሹን፣ ቢያንስ ቢያንስ ሲሶውን፣ በእነዚህ ሁለት እጆቼ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ የሚያልፈውን መኪና ሳይ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቹን እንደሚጠብቅ አባት ያደርገኛል፤ ያ የእኔ ነው፣ ይኼም የእኔ ነው፣ የዚያኛውንማ ፍሬኑንም የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። አንድም አልወለቀም።

ከአንዱ በቀር።

እሱንም ቢሆን «ትንሽ ላላ» ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር። ግን ወልቆ፣ የራሱን መኪና ቀድሞ ሄዶ፣ የፍራፍሬ መደብር ገብቷል። ከዚህ የባሰ መውለቅ ካለ ንገሩኝ።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ለምን ብዕር እንዳነሳሁ ልናገር። ባለፈው ወር ሐኪሜ የወገቤን ራጅ መብራት ላይ ለጥፎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መካኒክ ነኝ» አልኩት።

«ነበርክ» አለኝ።

እንዲህ በአንዲት ቃል ጡረታ ወጣሁ። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ግን በሐኪሙ አነጋገር ሰማንያ አልፎታል። ወረቀቱ ተሞላ፣ በየወሩ የምትላክ ነገር አለች፣ ስለ እሷ ብዙ የሚወራ የለም። ቤት በዋልኩ በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አስቴር ደብተር ገዝታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ።

«ለእኔ የምትነግረኝን ለዚህ ንገረው፤ እሱ አይደክመውም» አለችኝ። «ስትጨርስ አነበዋለሁ።»

ይኸው እየነገርኩት ነው።

ካናዳ ስገባ እንግሊዝኛዬ በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነበር። ጣልያንኛዬ ግን እንደ ወንዝ ይፈሳል ብዬ አምን ነበር። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ ጣልያን ትቶት በሄደው ቋንቋ ነው የሚሠራው። ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ፒንሳውን አምጣው፣ ፓራውልቱ ተጎድቷል፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ክሩስኮቶው ላይ መብራት በርቷል። ስለዚህ አንድ ወዳጄ «ዌስተን ሠፈር ውስጥ ጎማ ቤት ያለው ጣልያን ሠራተኛ ይፈልጋል» ሲለኝ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ በማግስቱ ሄድኩ።

ሰውየው ሲኞር ፓስኳሌ ይባላል። «ጣልያንኛ ትችላለህ?» አለኝ።

«እንዴታ» አልኩት።

ደጅ የቆመ አሮጌ መኪና አጠገብ ወሰድኩትና ከፊት እስከ ኋላ እየነካሁ አንድ በአንድ ጠራሁለት። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሟች አባቱ ጋራዥ ትዝ ብሎት ነው። ትከሻዬን ያዘና በጣልያንኛ አንድ ረጅም ነገር ጠየቀኝ። ኋላ እንደሰማሁት «ቤተሰቦችህ እንዴት ናቸው?» ነው ያለኝ። እኔ ግን ከቃላቶቼ ያልተጠቀምኩባት አንዲት ብቻ ስለቀረችኝ፣ «ፍሪሲዮን» አልኩት። እስኪሳል ድረስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ቱታ ወረወረልኝ።

ሲኞር ፓስኳሌ ጋ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ሲወለድ ግን ቸኩሎ ነው የተወለደው። በአየር የሚሠራውን መፍቻ ይዘህ ጎማውን የሚያስረው ዳዶ ላይ ትደቅናለህ፣ ትርርር፣ ቀጣዩ፣ ትርርር፣ መኪናው ይውረድ፣ ሌላ ይግባ። አራት ጎማ ለመቀየር ምን ያህል እንደሚፈጅብኝ ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ባለመኪናው ወርዶ በሩን ሳይዘጋ እጨርስ ነበር። ይህ ፍጥነት ኋላ ምን እንዳመጣብኝ ታያላችሁ።

ከዚያ ሲኞር ፓስኳሌ ሱቁን ሸጦ እህቱ ወዳለችበት ሄደ። እኔም ክሬሰንት ታውን ካለው ቤቴ በእግር የሚደረስበት ሥራ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አገኘሁ። ጋራዡ የግሪኩ የስታቭሮስ ነው። ስታቭሮስ ቁመቱም ስፋቱም ማቀዝቀዣ ያህላል፤ ሲናገር ይጮሃል፤ ሲጮህ ግን ልቡ ውስጥ ምንም የለም። የሥራ ጓደኛዬ ራሞን የቺሊ ሰው ነው፤ አራት ሴት ልጆች አሉት፤ የአራቱንም ፎቶ መሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፏል። ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር «ደህና አደራችሁ» ይላቸዋል።

ሦስተኛው ፓን ሄንሪክ ናቸው።

እሳቸው የፖላንድ ሰው ናቸው፤ ያኔ ስልሳን አልፈዋል። በሕይወቴ አንቱ ያልኩት ፈረንጅ እሳቸውን ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ እኔ ግን በልቤ እል ነበር። ቱታቸው ሥር ክራባት ያስራሉ። ሰው ሁሉ ከሥራ በኋላ እጁን ይታጠባል፤ እሳቸው ከሥራ በፊትም ይታጠባሉ። መፍቻዎቻቸውን ነጭ ፎጣ ላይ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም በየቁመታቸው ይደረድራሉ። ዳዶ ሲያስገቡ መጀመሪያ በጣታቸው ነው፤ ጆሯቸውን ወደ ጎማው ዘንበል አድርገው እያዳመጡ ያዞሩታል። «ጥርሱ ካልተገናኘ ይነግርሃል» ይላሉ፤ «አንተ ግን ዝም ካላልክ አትሰማውም።» ከዚያ እያሻገሩ ያጠብቃሉ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፤ ዙሪያውን ተከትለው ሄደው አያውቁም። በመጨረሻ ልኩ ሲደርስ «ጠቅ» የምትለዋን ረጅም መፍቻ ያነሳሉ። ያቺን መፍቻ ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጧት፤ ማታ ሲወጡ ወደ ዜሮ ይመልሷታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «እሷም ቀኑን ሙሉ ተወጥራ ነው የዋለችው» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀን እጃቸውን ዘርግተው «ፓን ሄንሪክ» ሲሉኝ ስማቸው ሁለት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስረዳ «ፓን» እንደ እኛ «አቶ» ነው፤ እንደ እኛው ከራሱ ከሰውየው ስም ጋር ይሄዳል። ደስ አለኝ። ካናዳ ውስጥ ሰው ሊያከብረኝ ሲፈልግ «ሚስተር ወልደሰንበት» ይለኛል። ወልደሰንበት አባቴ ነው፤ ካናዳ መጥቶ አያውቅም። በተጠራሁ ቁጥር መጥቶ ይሆን እንዴ ብዬ በሩን አያለሁ። ፓን ሄንሪክ ግን «ፓን ታደሰ» አሉኝ። የራሴን ስም በአክብሮት የጠራኝ የመጀመሪያው ፈረንጅ እሳቸው ሆኑ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ማሞቂያው ዙሪያ ሳጥን ገልብጠን ተቀምጠናል። ራሞን ከከረጢቱ ረጅም ዳቦ አወጣና ወደ እኛ ዘርግቶ «ፓን» አለ።

ፓን ሄንሪክ ቀና አሉ። «አቤት?»

«እርስዎን አልጠራሁም» አለ ራሞን። «በእኛ ዳቦ ማለት ነው።»

«በእኛ» አለ ስታቭሮስ ደረቱን እየነካ «ሁሉም ነገር ማለት ነው። ዋናው፣ ከዚያ ወዲያ የሌለው። ልክ እንደ እኔ።»

«በእንግሊዝኛ ደግሞ ያ ነው» አለ ራሞን፣ ከሞተሩ ሥር የፈታውን የዘይት ሳህን በአገጩ እያመለከተ። «ጥቁር፣ ቅባታም፣ ልክ እንደ ስታቭሮስ።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። «በእናንተስ?» አሉኝ።

እኔ አንድ በሽታ አለብኝ፤ «አላውቅም» እና «የለንም» የሚሉት ቃላት ከጉሮሮዬ አይወጡም። መንገድ የጠየቀኝን ሰው አላውቅም ከምለው በተሳሳተ መንገድ ብልከው ይቀለኛል። አራት አገር ቃሉ ሲኖረው የእኔ አገር፣ የራሷ ፊደል ያላት አገር፣ ባዶ እጇን ትውጣ? አማርኛ የምታውቁ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ቀጥሎ ላለው ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

«በእኛ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እንዲህ ዳቦ እየበሉ አይጠራም። መሐላ ነው።»

ራሞን ማኘኩን አቆመ።

«የጥንት አንጥረኞች መሐላ» አልኩ። «አንጥረኛው ሥራውን ሲጨርስ መዳፉን ሥራው ላይ አሳርፎ ‹ፓን› ይላል። ያን ጊዜ ሥራው አልቋል፣ ጠብቋል፣ በእኔ ይሁን ማለቱ ነው።»

«ሳያልቅ ያለ ሰውስ?» አለ ራሞን።

«አፉ ይጣመማል። የአያቴ ወንድም እስከ ሞቱ ድረስ ሾርባ በጎን ነበር የሚጠጣው።»

ራሞን አማተበ። ስታቭሮስ «አንተ ሰው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፓን ሄንሪክ ግን አልሳቁም፤ ዳቧቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

በማግስቱ ጠዋት እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ መሃል ቆሙ። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ጎማ የገጠመ ሰው መጨረሻ ላይ መዳፉን ጎማው ላይ ያደርጋል፣ ‹ፓን› ይላል። የሰማ ሁሉ ‹ፓን› ብሎ ይመልስለታል። ይህ ሳይሆን ለባለመኪናው ቁልፍ አይሰጥም።»

«ደንበኛው አብደዋል ይለናል» አለ ስታቭሮስ።

«ይበል። ጎማው ግን አይወልቅበትም።»

«‹ጨረስኩ› ብንልስ? እንግሊዝኛ ነው፣ ሁሉም ይገባዋል።»

«‹ጨረስኩ› የሚለውን ሁላችንም ሳንጨርስ ስንለው ኖረናል» አሉ። «ይህን ግን ራሞን ሲለው የልጆቹን ዳቦ ጠርቶ ነው። አንተ ስትለው ያለህን ሁሉ ጠርተህ ነው። እኔ ስለው ባለመኪናውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጌታዬ ብዬ ነው። ታደሰ ደግሞ» አሉና አዩኝ፣ «ታደሰማ ምሏል።»

የእኔ ቀጣፊ አፍ እንዲህ አድርጎ የጋራዥ ሕግ አወጣ።

የሚገርመው ሥራው አማረለት። መዳፍህ ጎማው ላይ ሲያርፍ ዓይንህ ዳዶዎቹን ሳትፈልግ ይቆጥራቸዋል። ከወዲያ «ፓን» ሲባል ከሊፍቱ ሥር «ፓን»፣ ከቢሮው «ፓን» ይመለሳል፤ ሰንበት ቅዳሴ የቆምን እንመስል ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ይመልሱልን ጀመር። አንዲት ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ደንበኛችን ነገሩ ደንቋት ሄዳ መጽሐፍ አገላብጣ መጣች። የግሪኩ የራሱ የግሪኩ ነው፣ የራሞን ከላቲን የመጣ ነው፣ የፖላንዱ ከጥንት የሹመት ስም ተቆርጦ የቀረ ሳይሆን አይቀርም፣ የእንግሊዝኛው ደግሞ የጀርመኖች ወገን ነው አለችን። «አራቱ ዝምድና የላቸውም» አለች፤ «እየመጡ እዚህ ተገናኙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የአማርኛውን ግን የትም አላገኘሁትም» አለችኝ።

«ያልተጻፈ ነው» አልኳት። «ምስጢር ነው።»

በዚያ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ነበር። አገሬ ዋና መካኒክ ነበርኩ፤ እዚህ በሕግ ረዳት ነኝ። ላይሰንስ ያለው ሰው «ይህን ሰው አይቼዋለሁ፣ ሙያውን ያውቃል» ብሎ ካልፈረመልኝ ለፈተና አልቀርብም። የሚፈርሙልኝ ፓን ሄንሪክ ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ጫፉ ከብዕራቸው አጠገብ ብቅ ብሎ ይታየኛል። «ከዚህ ሳምንት አያልፍም» አሉኝ። አስቴር ከወዲሁ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው በረዶ ወረደ።

ቶሮንቶ የኖረ ሰው ያውቃል፤ በረዶው እስኪወርድ የክረምት ጎማ የሚያስበው የለም፤ የወረደ ዕለት ግን ከተማው በሙሉ በአንድ ጠዋት ይነቃል። ሰልፉ ከጋራዣችን ተነስቶ ሞንትሪያል ደርሷል ብል ብዙ አልዋሸሁም። ስልኩ አያርፍም፣ ስታቭሮስ ይጮሃል። በዚህ መሃል የሠፈራችን ሰው ጋሽ መኮንን ታክሲያቸውን ይዘው መጡ። ታክሲዋ አንድ ቀን ከቆመች እሳቸውም ይቆማሉ። «ታደሰ፣ ልጄ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ» አሉኝ።

እኔና ራሞን አብረን ገባንበት። እኔ የፊቱን ሁለት፣ እሱ የኋላውን ሁለት። እየሠራሁ የሠርጌን ቀን ታሪክ እነግረዋለሁ። የሙሽራው መኪና፣ ማለትም እኔን የያዘው፣ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በነጭ ሱፍ መኪና ሥር የገባሁበትን ታሪክ። እውነቱን ለመናገር ሱፉ ግራጫ ነበር፣ የተበላሸውም የሚዜዎቹ መኪና ነው። ብቻ የቀኙን ጎማ በወጉ አጠበቅኩ። የግራውን ዳዶዎች በጣቴ አስገብቼ እንዳበቃሁ ስታቭሮስ «ታደሰ፣ የአገርህ ሰው ስልክ ላይ ነው፣ እንግሊዝኛው አልገባኝም» ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ስመለስ መኪናው ወርዷል፤ ራሞን ሥራው ያለቀ መስሎት የመኪናው የሥራ ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ ሌላ መኪና ጀምሯል። ጋሽ መኮንን ቁልፋቸውን ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እኔ ደግሞ ታሪኬ መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ አማቴ መኪናው ሥር ጎንበስ ብለው «የእኔ ልጅ የምታገባው እግሮቹን ብቻ ነው?» የሚሉበት ቦታ። እሱን ሳልናገር እንዴት ልለፍ? ከአሥር እርምጃ ርቀት፣ መዳፌን ኪሴ ውስጥ እንዳደረግኩ፣ በሳቅ መሃል «ፓን» አልኩ።

እነሱም እየሳቁ «ፓን» አሉ። ጋሽ መኮንን ሄዱ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታክሲዋ በተጎታች ተመለሰች። ጋሽ መኮንን እንደነገሩን ቀስ ብለው እየነዱ ሳለ አንድ ጎማ በግራ በኩል አልፏቸው ሄደ። «ምስኪን፣ የማን ጎማ ነው የወለቀው?» ብለው ማዘናቸውን ሳይጨርሱ መኪናዋ በግንባሯ መንገዱ ላይ ተደፋች። ጎማው መንገዱን ተሻግሮ የፍራፍሬ መደብሩ ደጅ እንደ ፒራሚድ የተቆለለውን ብርቱካን በታተነና በተከፈተው በር ገብቶ ሚዛኑ አጠገብ ተኛ።

ይህን ስሰማ ከንፈሬ ለሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀጥለው ግን «ከኋላ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች» አሉ። «ምንም አልሆኑም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷ ግን ሌላ ታክሲ አልገባም ብላ በበረዶው በእግሯ ሄደች።» ይህን ብለው ቢሮ ገብተው በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

ስታቭሮስ የሥራ ወረቀቱን አነሳ። የራሞን ስም ነው ያለበት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ተናገረ። «ራሞን፣ የፊቱን ግራ አንተ ነህ?»

ራሞን ግራ ገባው። ጠዋቱን ስንት ጎማ እንደነካ እሱም አያውቅም። «ምናልባት… እኔ እሆናለሁ» አለ። «ስሜ ከተጻፈ እኔ ነኝ።»

«ቱታህን አውልቅ» አለው።

ራሞን ቀስ ብሎ የመሣሪያ ሳጥኑን ክዳን ዘጋ። አራቱ ልጆች ውስጥ ቀሩ።

እኔ ምን ያህል ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ዓይኔ ፓን ሄንሪክ ኪስ ላይ ነበር፣ ጫፏ ብቅ ያለች ወረቀት ላይ። ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። በሕይወቴ ያን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ስታቭሮስ ፊቱን አላዞረም። «አሁን ቀልድ አይደለም፣ ታደሰ።»

«እኔ ነኝ እኮ። የግራውን በጣቴ ብቻ ነው ያስገባሁት።»

ራሞን ጭራሽ በትንሹ ፈገግ አለ። «ተወው፣ ወንድሜ» አለኝ። «ልታድነኝ ነው፣ አውቃለሁ።»

«ይኼ ሰው» አለ ስታቭሮስ፣ «በረዶውንም እኔ ነኝ ያወረድኩት ይላል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስዋሽላቸው እንደ ወንጌል ሲቀበሉኝ የኖሩ ሰዎች፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ምን ላድርግ? ታክሲዋ በክሪክ ተደግፋ ቆማለች፤ ጎማው የነበረበት ቦታ ባዶ ብረት ነው። ሄድኩና መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

«ፓን» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ማንም አልመለሰም። ራሞን አፌን ያይ ነበር፤ ይጣመም እንደሆነ እየጠበቀ መሰለኝ። እኔም፣ እመኑኝ፣ በምላሴ ጉንጬን እየዳሰስኩ ነበር። ራሴ የፈጠርኩትን መሐላ ራሴ ፈራሁት።

ከዚያ ፓን ሄንሪክ ቀስ ብለው «ፓን» ብለው መለሱ።

በዚህ አለቀ። ስታቭሮስ ለራሞን ቱታውን ራሱ መልሶ ቆለፈለትና ወደ እኔ ዞሮ እንደ ልማዱ መጮህ ጀመረ፤ ያ ጩኸት እንዴት ደስ እንዳለኝ። አላባረረኝም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ግን ጎማ እንዳልነካ አደረገኝ። መጥረጊያና ስልክ ተሰጠኝ። በዚያ ሳምንት ጎማ የቀየርንላቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ኮል አድርጌ «እባክዎ ተመልሰው ይምጡ፣ ዳዶዎችዎን እንይልዎ» እል ነበር። የተበተነውን ብርቱካን የለቀምኩት፣ ለባለ መደብሩም የመኪናውን ፍሬን በነፃ የሠራሁለት እኔ ነኝ።

ፓን ሄንሪክ ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው በአራት አጠፉና መልሰው ከተቷት።

«ዘንድሮ አይደለም» አሉኝ።

«ገብቶኛል፣ ፓን ሄንሪክ።»

«ፈጣን ነህ፣ እጅህም ጥሩ ነው። አፍህ ግን ከእጅህ ይቀድማል። ጎማ ስትነካ አንድም ቃል አታውራ። ስትጨርስ አንድ ቃል ብቻ።»

ከፋሲካ ጀምሮ እንዲህ ሠራሁ። ዝም ማለት ለእኔ ከስድስት ሲሊንደር ሞተር በላይ ይከብዳል፤ ሦስት ኪሎ ቀነስኩ። ግን ዳዶው ሲናገር መስማት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ጥርሱ ሲገናኝ በእውነት ይለያል፤ እሳቸው እንዳሉት ነው። በዓመቱ፣ በረዶ ሲወርድ፣ ያችው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ተፈርማ እጄ ላይ ተቀመጠች። ፈተናውን አለፍኩ። ስንተኛ እንደወጣሁ አልናገርም፤ ደረጃ አይሰጡም፣ ቢሰጡ ኖሮ አንደኛ ነበርኩ።

ፓን ሄንሪክ ጡረታ የወጡ ቀን ስታቭሮስ ጋራዡን በግማሽ ቀን ዘጋ። ጠቅ የምትለዋን መፍቻ ከነጨርቋ ለእኔ ሰጡኝ። ያን ጊዜ ሆዴ አልቻለም። «ፓን ሄንሪክ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኳቸው። «ያ ቃል በአማርኛ የለም። ፈጥሬው ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ቃል ባልክበት ዕለት ማታ መኮንንን ጠይቄው ነበር። ‹እንዲህ ያለ ቃል የለንም› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ሕግ አደረጉት?»

«ሌሎቻችን ቃሉን ከእናቶቻችን ነው የተቀበልነው። አንተ ራስህ ነህ የሠራኸው። የራሱን ሥራ ሰው አንድ ቀን ያከብረዋል ብዬ ነው።» ከዚያ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ትንሽ ቆየህብኝ።»

ያለፈው ወር፣ የሥራዬ የመጨረሻ ቀን፣ የመጨረሻውን ጎማ የገጠምኩት የጋሽ መኮንን ታክሲ ላይ ነው። መዳፌን አሳረፍኩ፤ «ፓን» አልኩ፤ ከየማዕዘኑ መለሱልኝ። የራሞን ድምፅ ከሁሉም በልጦ ተሰማኝ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ያምርብኝ ነበር። ግን ደብተሩን አስቴር ታነበዋለች፤ አንድ ነገር ቀርቷል።

ያን የበረዶ ቀን ቤት ስገባ አስቴር በር ላይ ጠበቀችኝና «ወረቀቱ ተፈረመ?» አለችኝ። ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ነበር። እኔም «ራሞን ጎማ ሳያጠብቅ ለቆ፣ በእሱ የተነሳ የሁላችንም ወረቀት ለዓመት ቆመ» አልኳት። ለጋሽ መኮንንም እንዲሁ አልኳቸው። ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሰው ፊት አምኜ፣ ሠፈሬ ስገባ ካድኩ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን በየድግሱ ሳወራው፣ ጎማው ብርቱካኑን ሲበትን ሰው እየሳቀ ሲወድቅ፣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ራሞን ነበር።

የራሞን ትልቋ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ድግስ ጠርቶን ሄድን። አስቴር ሳህኗን ይዛ በእንግሊዝኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ራሞን፣ ድግስህ በጣም ያምራል፤ የመኪናችንን ጎማ ግን አደራህን አንተ እንዳትነካው» አለችው። ራሞን እኔን አየኝ። ዓይኔን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «እሺ፣ ሴኞራ» አላትና ዳቦ ጨመረላት።

አስቴር፣ ጎማውን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ።